የጥቁር እንጨታችን ካብ ፈርሷል፦ ከኮሚቴው የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በደብራችን ጥላ ሥር ያደጋችሁ ሁሉ፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በሐምሌው ጎርፍ የደብሩን የጥቁር እንጨት ዛፎች ከከብት የሚከልለው የድንጋይ ካብ በወንዙ በኩል 40 ሜትር ያህል ተንዷል። በማግስቱ ከብት ገብቶ ከ300 ችግኝ 41 ብቻ ቀረን። ትልልቆቹ ጥቁር እንጨቶች ደኅና ናቸው። ክፍተቱን በእሾህ ዘግተነዋል፤ እሾህ ግን የተራበ በሬ አይመልስም። ስንት ጊዜ እጃችንን እንደዘረጋን እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል።

ስለ ካቡ ከማውራታችን በፊት ግን በሰንበቴው «ለቅጠል መልቀሚያ ገንዘብ ተከፈለ» የሚለውን ወሬ እናጥራ። እውነት ነው፣ ተከፍሏል። ከ4 ዓመት በፊት ጥቁር እንጨት ነው ተብሎ የተሸጠልንን ችግኝ ውኃ በጀርባችን ተሸክመን አሳድገን፣ አብዛኛው ኮክ ሆኖ አረፈው። (ልጆቹ በልተውታል፤ እሱስ አልባከነም።) ነገሩ ብዙም አይገርምም፤ ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ኮሶና ቀጋም ሳይቀሩ ከዚያው ከጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው። ምሁራኑም ቢሆኑ ጥቁር እንጨትን ፓይጂየም አፍሪካነም እያሉ ቆይተው፣ ካልክማን የተባለው ተመራማሪ ነው በ1965 እ.ኤ.አ. ኮክ ካለበት ከፕሩነስ ወገን የደመረው። ስለዚህ ባለሙያ አምጥተን ቅጠሉና ፍሬው በጋዜጣ ተጭኖ በብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና በሚቀመጥበት ቤት) ካለው ናሙና ጋር እንዲተያይ አደረግን። ወጪው መኪናና የ2 ቀን አበል ነው፤ ደረሰኙ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ፣ መጥታችሁ እዩት።

አሁን የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እንኳ ይለዩታል። የቅጠሉ እጀታ ቀላ ይላል፤ ቅጠሉ ሲታሽ የተሰበረ የኮክ ፍሬ አስኳል ይሸታል። ፍሬው ትንሽ ሆኖ ከቁመቱ ጎኑ ይሰፋል፣ መካከሉ ሰርጎድ ያለ ነው። ያረጀው ቅርፊት ጠቁሮ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

በካሜሩንና በማዳጋስካር ይኸው ቅርፊት ለፕሮስቴት (የወንዶች ዕጢ) መድኃኒት እየተላጠ ዛፉ ስለተመናመነ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጥፋት በሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው በሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እኛ ዘንድ የጨረሱት ሳንቃና ማገዶ ናቸው። የቀደሙ አባቶች ያለ ካብ የጠበቁት ሰው እግዚአብሔርን ስለሚፈራ ነበር፤ ከብት ግን አይፈራም።

የሚያስቸኩለን ዘሩ ነው። እንደ ጤፍ ጎተራ አያውቅም፤ ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ጉሬዛውና ወፉ ይቀድሙናል። ካቡ ሳይቆም ብንዘራ ለበሬ ቀለብ መዝራት ነው።

ከዚህ በፊት የሰጣችሁት የት ገባ ለምትሉ፣ 600 ሜትር ካብ ቆሟል። ድንጋዩን ከየማሳው ለቅመን ያመጣነው እኛው ነን፤ ገንዘቡ የወጣው ለግንበኛና ለጋሪ ኪራይ ነው። የተናደው ቦታ መሠረቱ ጥልቅ አልነበረም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው፣ ቆጥበን ነው። አሁን በሲሚንቶ ይታሰራል።

ገንዘብ የሚገባው በደብሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በደረሰኞቻችሁ ጀርባ ታትሟል፤ በምሥራቅ በር ሰሌዳም ተለጥፏል። በግለሰብ ስም የሚላክላችሁን ቁጥር አትቀበሉ፤ ባለፈው የደረሰውን ታውቃላችሁ። ስትልኩ «ለካብ» ብላችሁ ጻፉ፣ ካለዚያ ከዐሥራት ጋር ይቀላቀላል። ውጭ አገር ያላችሁም በዚያው በደብሩ ሒሳብ። ገንዘብ የሌለው ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ለማንሳት ይምጣ፤ ገመድና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ደግመን እንላለን፦ በደብሩ ስም፣ «ለካብ»፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።