ይድረስ ማህተሙን ለያዙት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። ለሁለቱ መልስ የለም። ለሦስተኛው መጣ፤ እሱም ላይ «ምስጢር» የሚል ማህተም አርፎበታል። ስለዚህ እርስዎ ያሉኝን ለማንም አልናገርም። እኔ ያልኩዎትን ግን እደግመዋለሁ።

ፓምፓችን መንቀጥቀጥ ሲጀምር አራት ሆነን ስምንት ወር ስንፈታ ስንገጥም ከረምን። ኩሽኔታ ቀየርን። መሠረቱን አጠናከርን። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሻፍቱ ተሰነጠቀ።

ያን ቀን ከላይኛው ፎቅ ያለ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁልጊዜ ሻይ አብረን ነው የምንጠጣው። «የእኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ምክንያቱን አግኝተን ጽፈነዋል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ታዲያ?» ስለው «ምስጢር ላላወጣ ፈርሜያለሁ» አለ። ስምንት ወር ሙሉ እጃችን ግራሶ ሆኖ ሲያየን ዝም ብሏል። አልፈረድኩበትም። የብልሽቱን ምክንያት ዛሬም አልነገረኝም።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሪፖርቱ ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ጠይቆ ማየት ይችላል። ጥሩ። መኖሩን የማላውቀውን ወረቀት እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?

የእኛ ፓምፕ የፈነዳው የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እዚያም ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢግናሊና በተባለው የሶቭየት ጣቢያ፣ ተመሳሳይ ሪአክተር (የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት ክፍል) ሲፈተሽ አንድ ጉድ ታየ። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምሩ ኃይሉን በመቀነስ ፈንታ ለአፍታ ይጨምሩት ነበር። ይህን ያወቁ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1986 ቼርኖቤል ላይ የማቆሚያውን ቁልፍ የተጫኑት ሰዎች ግን አያውቁም ነበር። ያድነናል ብለው የተጫኑት ቁልፍ ነው አደጋውን ያባሰው።

ምስጢር አይኑር አላልኩም። የተሰነጠቀ ሻፍት ግን ለየትኛው ጠላት ምን ይረባዋል? ደግሞ ስለ ስንጥቃችን የጻፍኩት ሪፖርት እንኳ ገና ሳይደርቅ ማህተም ተመታበት። አሁን የገዛ ጽሑፌን ለማንበብ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ፤ «ምክንያት ይገለጽ» ተብሎ ተመለሰ።

ቢያንስ የሪፖርቶቹን ርዕስ ያሳዩን። ርዕስ ብቻ።

ሁለተኛው ፓምፕ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። ባልደረባዬም ሰምቶታል። ሻይውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ።