ኪቦርዱን ሳትተወው ይቺን አንብብልኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህልኝ፣ እማዬስ እንዴት ናት፣ አባባ ጉልበቱን ተሻለው ወይ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ከናንተ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ።

የላክልኝን ቮይስ ደጋግሜ ሰማሁት። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን አቋርጬ ከሰርግ ባንዱ ጋር ልጠቃለል ነው፣ ክላሲካሉ ምንም አይሰራልኝም፣ ደሞ ኪቦርዲስት የትም አይደርስም ስሙ የሚጠራው ዘፋኙ ነው አልከኝ። ነገሩ ስላሳሰበኝ በቮይስ ከምመልስልህ ቁጭ ብዬ ልፃፍልህ ብዬ ነው። ስራ ቦታ አብራኝ ያለች አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል ስላት የጃፓኑን ሙዚቀኛ ሪዩኢቺ ሳካሞቶን ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ፣ ከዛ ወዲህ ባቡር ላይ ስሄድም ስመለስም እሱን ነው የምሰማው የማነበው፣ እና አንተ መስማት ያለብህ ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፍልህ።

ሰውየው በ1952 እዚሁ ቶኪዮ ነው የተወለደው። የጃፓን ትልቁ የአርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፖዚሽን፣ ማለትም የሙዚቃ ድርሰት ተማረ፣ ማስተርሱንም እዛው ሰራ፣ በኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃና በየህዝቡ ባህላዊ ሙዚቃ ላይ አተኩሮ። ያኔ ታዲያ ክፍል ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም፣ ስቱዲዮ እየገባ ለሌሎች ዘፋኞች ኪቦርድ ይመታ ነበር፣ ልክ አሁን አንተ እንደምትሰራው ማለት ነው። ትምህርቱን ግን ጨረሰ። በ1978 ሀሩኦሚ ሆሶኖ ባስ፣ ዩኪሂሮ ታካሃሺ ድራም፣ እሱ ኪቦርድ ሆነው የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ የሚባለውን ባንድ መሰረቱ። በትምህርቱ ምክንያት ታካሃሺ ፕሮፌሰር የሚል ቅፅል ስም አወጣለት፣ እስኪሞት ጃፓን በሙሉ በዛ ስም ነው የጠራው።

ስለ አሰራራቸው ደግሞ ልንገርህ፣ አንተ ትወደዋለህ። ያኔ ላፕቶፕ ላይ በማውስ መጎተት የለም። ሮላንድ ኤምሲ 8 የሚባል ማሽን ነበራቸው፣ እያንዳንዷን ኖታ በቁጥር እየመታህ ነው የምታስገባው፣ ከፍታዋ ቁጥር፣ ርዝመቷ ቁጥር፣ ቀጣይዋ እስክትመጣ ያለው ጊዜ ራሱ ቁጥር። ሂዴኪ ማትሱታኬ የሚባል ባለሙያ ይሄን እያስገባ እነሱ ከማሽኑ ጋር እኩል ላይቭ ይጫወታሉ። እስቲ አስበው፣ ታይሚንግህ ትንሽ ከተዛነፈ ማሽኑ አይጠብቅህም።

ዘፋኙ ነው ስሙ የሚጠራው ላልከኝ ደግሞ፣ ቢሃይንድ ዘ ማስክ የሚባለውን ስራውን ስማ። መጀመሪያ ለሰዓት ማስታወቂያ የሰራት ዜማ ናት፣ በ1979 አልበማቸው ላይ ወጣች፣ ከዛ ማይክል ጃክሰን ራሱ ወስዶ ግጥም ጨምሮ ዘፈናት፣ ኤሪክ ክላፕተንም በ1986 ሰራት። ኪቦርድ ላይ የተፈጠረች ዜማ እኮ ናት! በ1999 ደግሞ ኢነርጂ ፍሎው የምትባል ፒያኖ ብቻ የሆነች ስራው ያለችበት ሲንግል የጃፓን ሽያጭ አንደኛ ወጣ፣ ግጥም የለ ድምፃዊ የለ።

ወደ ፊልም የገባበት መንገድ ደግሞ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ናጊሳ ኦሺማ የሚባለው ዳይሬክተር ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከዴቪድ ቦዊ ጋር እንዲተውን ሲጠይቀው፣ ሙዚቃውንም እኔ የምሰራው ከሆነ እሺ አለ፣ ከዛ በፊት የፊልም ሙዚቃ ሰርቶ የማያውቅ ሰው። ሜሪ ክሪስማስ ሚስተር ሎውረንስ በ1983 ወጣ፣ ሙዚቃው የእንግሊዞቹን የፊልም ሽልማት ባፍታን በላ። ባንዱም በዛው ዓመት ተበተነ። ከዛ ዘ ላስት ኢምፐረር መጣ፣ ከዴቪድ በርንና ከኮንግ ሱ ጋር በ1988 ኦስካር ወሰዱ። ለሙሉ ኦርኬስትራ መፃፍ የቻለው ያ አንተ አይረባም የምትለውን ትምህርት ስለተማረ ነው ወንድሜ፣ በጆሮ ብቻ እዛ አይደረስም።

የራሱን አገር ሙዚቃም አልናቀም። በ87 እና በ89 አልበሞቹ ላይ የኦኪናዋ ዘፋኞችን አስገብቷል። እና እዚህ ላይ ያንተን ነገር አሰብኩ። ሂራጆሺ የሚሉትን የኮቶ፣ ማለትም የጃፓኖቹ ባለ ክር መሳሪያ ቅኝት ፈልገህ ተጫወተው፣ ከኛ ትዝታ ማይነር ጋር አምስቱም ኖታ አንድ ነው! እኔ ስራ ቦታ ትዝታ ስከፍትላቸው ሴቶቹ ኤንካ የሚሉት የጃፓን የድሮ ዘፈን መስሏቸው ዝም ብለው ሰሙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እጅህ ላይ እያለ፣ ኮምፖዚሽኑን ደግሞ የሚያስተምርህ እያለ እንዴት ትተወዋለህ?

ከ2011ዱ ሱናሚ በኋላ ሚያጊ በሚባለው የጃፓን ክፍል ከአንድ ሀይስኩል ውሃ የዋጠው ፒያኖ አገኘ፣ ክሮቹ ተዛንፈው የቀሩ። ይጠገን አላለም፣ እንዳለ ተጫወተበት፣ በ2017 አልበሙ ላይም ድምፁን አስገባው። ካንሰር ከያዘው በኋላም አላቆመም። በ2022 መጨረሻ ሙሉ ኮንሰርት ለመጫወት አቅም ሲያጣ በቀን ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ተገጣጥሞ ለዓለም ተላለፈ። ታካሃሺ በጃንዋሪ 2023 ሞተ፣ እሱም በዛው ዓመት ማርች 28፣ በ71 ዓመቱ። ይሄን ሳነብ እኔ አለቀስኩ፣ ዝም ብዬ አይደለም፣ እስከ መጨረሻው የሰራ ሰው ስለሆነ።

አሁን እንዲህ አድርግ፣ ሰርጉን ቅዳሜና እሁድ ተጫወት፣ ማንም አትጫወት አላለህም፣ ከሰኞ እስከ አርብ ግን ክፍልህ ግባ። የታክሲና የኖት ወረቀት ብር ወር ሲያልቅ እልካለሁ፣ ብር ካጠረህ ለኔ ንገረኝ እንጂ ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ትጨነቃለች። አባባን ራሴ ደውዬ አናግረዋለሁ። እና አራቱንም ቅኝት ኪቦርድ ላይ ተጫውተህ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ፣ ለዛች ሴትዮ ላሰማት ቃል ገብቼላታለሁ።

የምትወድህ እህትህ
ከቶኪዮ