ለዳዊት፣ ከጎንደር

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ዳዊት፣

እንዴት ከረማችሁ? ልጁስ አደገ? መቼም ይህን መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል።

ለክርስትናው ስትጠራኝ "ሥራ ይዞኛል" አልኩህ። ሥራ አልያዘኝም ነበር፤ እዚሁ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ልጅ ታቅፈህ ሳይህ ፊቴ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ነው። ከዚያማ ስደውል ምን እላለሁ እያልኩ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ።

ሥራዬ ያው የምታውቀው ነው፤ የወንድ ዘር ስቆጥር እውላለሁ። ባልደረቦቼ "ቆጣሪ አንባቢው" ይሉኛል። አሁን የያዝኩት ጥናት ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ሲመጡ ባልየው ስንተኛ ላይ ይመረመራል የሚል ነው። መልሱን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሚስትየው ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ነው። ከእነዚህ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ ግን የወንዱም ችግር አለበት። የእሱ ምርመራ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፦ ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብ፣ አንድ ንጹሕ ዕቃ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ማድረስ፣ በቃ። ክረምት ላይ አንድ አባወራ ጋቢውን ተከናንቦ ገባ፤ ቀኝ እጁን ከብብቱ አያላቅቅም። "ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው" አለና ዕቃውን ከብብቱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ለብ ብሏል። እንዲያ የሚታዘዝ ሰው ብዙ አላየሁም።

እኔስ? ሰብለ አራት ዓመት ብቻዋን ተመላለሰች። ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ ራጅ ተነሳች፣ ሆርሞን ዋጠች፤ እናቴ ደግሞ "ጠበል ውሰዳት" ትለኛለች። አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፈች "አንተስ ተቆጥረህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ቀና እንኳ አላለችም።

በማግስቱ ባልደረባዬ የእኔን ከሌሎች አራት ጋር ቀላቅሎ ኮድ ሰጠልኝ። የቱ የእኔ እንደሆነ ሳላውቅ አምስቱንም ቆጠርኩ። ፈሳሹ መጀመሪያ ይረጋል፤ በግማሽ ሰዓት ይቀጥናል፤ ከዚያ በማቅጠኛ በጥብጠህ ካሬ በተሰመረበት መስታወት ላይ ታሳርፈዋለህ፤ እስኪሰፍር ጥቂት ትጠብቃለህ። ቢያንስ 200 መቁጠር አለብህ። አንዱ ላይ ካሬው ሁሉ ባዶ ባዶ ሆነብኝ፤ 200 እስኪሞላልኝ ከካሬ ካሬ ተንከራተትኩ። "ይሄ ምስኪን" አልኩ በልቤ።

ምስኪኑ እኔ ነበርኩ። በአንድ ሚሊ ሊትር 6 ሚሊዮን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ 16 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ አይወልድም ማለት እንዳልሆነ ለስንቱ አስረድቻለሁ መሰለህ፤ ቁጥሩ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙ ወንዶች ነው፤ ከእነሱም 5 በመቶው ከዚያ በታች ናቸው። ለራሴ ሲሆን ግን ማስረዳቱ አልሠራልኝም።

የዩሮሎጂ ሐኪሙ ልብሴን አስወልቆ "ቆመህ አምጥ!" አለኝ። ስንት ዓመት ምጥ የሚጠበቀው ከሰብለ ነበር፤ መጀመሪያ ያማጥኩት እኔ ሆንኩ! ቫሪኮሲል ነው፤ ግራ ቆለጤ ላይ ደም መልሶቹ አብጠው ተጠላልፈዋል። በግራ በኩል ደም መልሱ ረዘም ይላል፣ የኩላሊት ደም መልስ ላይም በ90 ዲግሪ ማዕዘን ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠራቀምና ሙቀት ያመጣል። ፍሬው ደግሞ ከሰውነታችን በ2 እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ ይወዳል፤ ፈጣሪ ውጭ ያንጠለጠለው ያለ ነገር አይደለም።

ጥቅምት 6 ቀን ቀዶ ሕክምናው ተሠራልኝ። ዘር ከመነሻው ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ጎልምሶ እስኪወጣ ደግሞ ጥቂት ቀን። ዛሬ 38ኛ ቀኔ ነው። ዳግመኛ የምቆጠረው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሊሻሻልም ላይሻሻልም ይችላል።

ጥምቀትን ለምን እዚህ አታከብሩም? እንደ ድሮው ፋሲል መዋኛ አጠገብ ሌሊቱን እናድራለን። ልጁን ይዘኸው ና፤ ክርስትናውን የቀረሁበትን ካሣ ለራሱ እከፍለዋለሁ።

ነገ ጾም ስለሚገባ ዛሬ ቅበላ ነው፤ ሰብለ ዶሮው ቀዘቀዘ እያለች ነው። ደብዳቤውን ሳልጨርሰው ከእጄ ቀምታ አነበበችው፤ "አምጥ" የሚለው ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ወንድምህ፣
ቆጣሪ አንባቢው