ለሰማይ ከተማችን አንድ ግድግዳ፦ ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ያለው አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ትራንዚተር ነው። ቢሮዬ ለገሃር ነው፤ ቢሮ ልበለው እንጂ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና ብዙ ፋይል ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ዕቃ ከጅቡቲ ሳስመጣ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ኮንቴይነር አይደለም። ሰማይ ላይ ስላለች አንዲት ከተማ ነው። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ከተማዋ በእውን የለችም። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ የፈጠሯት ናት። አስራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። ስሟን ኬላ ብለዋታል። ከመሬት፣ ከጨረቃና ከማርስ የሚመጣ ጭነት የሚራገፍባት፣ የሚፈተሽባት፣ የሚቀረጥባትና ባለቤት የሚቀይርባት ትልቅ የጠፈር ጣቢያ ናት። ልጁ አንድ ቀን መጥቶ «ጋሼ፣ ቀረጥ እንዴት ነው የሚሰላው?» አለኝ። ለፈተና መስሎኝ ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ይዞኝ ሄደ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዬ የእነሱ ሆኖ ቀረ።

ስሙን ሲነግሩኝ ተቃውሜ ነበር። ኬላ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ሹፌሩም ይጠላዋል፣ ባለ ዕቃውም ይጠላዋል። አንዷ ልጅ ግን «ኬላ የሚቆመው እኮ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?

ከተማዋን ዝም ብለው አየር ላይ አልሰቀሏትም። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ስታንፎርድ ላይ የተሰባሰቡ ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች የነደፉት የጠፈር ከተማ አለ። ቅርጹ እንደ ጎማ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪው 10,000 ሰው። በደቂቃ አንድ ጊዜ ሲሽከረከር፣ ውስጡ ያለ ሰው ልክ መሬት ላይ እንደቆመ ክብደት ይሰማዋል። የእኛዎቹ ይህን ወስደው ትንሽ አጠበቡት። ያቆሙበት ቦታም ታስቦበታል። ከመሬትም ከጨረቃም እኩል 384,000 ኪሎ ሜትር የሚርቅ፣ የሁለቱ ስበት ተደማምሮ ዕቃን ይዞ የሚያቆይበት ቦታ አለ። እዚያ የተቀመጠ ነገር በቀላሉ አይሸሽም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉ ያለቀው በቡና ነው። በሚሽከረከር ከተማ ውስጥ ጀበናውን ከፍ አድርገሽ ስትቀጂ ቡናው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ጎን ያፈነግጣል። ከተማዋ እየጠበበች በሄደች ቁጥር ማፈንገጡ ይብሳል። አንደኛው ልጅ ፊዚክሱን በናፕኪን ላይ ሠራው። ከተማዋ ከመሃል እስከ ዳር መቶ ሜትር ብቻ ብትሆን፣ ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተቀዳ ቡና አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ስቶ ይወድቃል። ሲኒ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በኬላ ቡና የምታፈላ ሴት ሲኒዎቹን ከጀበናው አፍ ትክክል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ትደረድራለች። ለእንግዳ ሰው የምትስት ይመስለዋል።

ሰዓቱም አከራክሯል። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ነው። አሁን ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ላይ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ትወጣለች። ኬላ ባለችበት ርቀት ደግሞ ጭራሽ አትጠልቅም ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ ብርሃን የሚያስገባው ትልቁ መስተዋት ሲከፈት ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ይሁን ተባለ። የማርስ ነጋዴዎች በዚህ ሁልጊዜ ይደናገራሉ። ይደናገሩ፤ እኛስ ከፈረንጅ ጋር ቀጠሮ ስንይዝ ስንቴ ተደናግረናል።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ።

ኬላ ላይ ገንዘቡ ውሃ ነው። ውሃ ይጠጣል፤ ሲከፋፈል መተንፈሻ ኦክስጅንና የመንኮራኩር ነዳጅ ይሆናል። ከመሬት ማምጣት ግን ያከስራል። ከመሬት ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር መፍጠን ያስፈልጋል፣ ከጨረቃ ግን 2.4 ይበቃል። ስለዚህ ከጨረቃ ዋልታ በረዶ ቆፍሮ ማምጣቱ ይረክሳል። ይህን ሲነግሩኝ «ይሄማ አሞሌ ነው» አልኳቸው። አሞሌን አያውቁትም ነበር። ከአፋር የሚወጣው ጨው ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ በሀገሩ ሁሉ ገንዘብ ሆኖ ሲሠራ፣ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ለአንድ ማርትሬዛ ብር ቅርብ ያለው ሰው ብዙ አሞሌ ያገኛል፤ ሩቅ ያለው ጥቂት። ልጆቹ ወዲያው የውሃውን ምንዛሪ እንደገና ሠሩት። ማርስ የሚሄድ ውሃ ጨረቃ አጠገብ ካለው ውሃ ጋር እኩል መመንዘሩ ቀረ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ልጆቹ የነጋዴዎቹን ቦታ ተከፋፍለው የሚጫወቱት ድርድር ነው። ከማርስ የሚላክ መልእክት በብርሃን ፍጥነት መጥቶም ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልጆቹ 12 ደቂቃ ይሁን ብለው ተስማሙ። የማርስ ወኪል የሆነችው ልጅ ኬክ ቤቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ደላላውና ነጋድራሱ (የነጋዴዎቹ አለቃ) ውስጥ ናቸው። አንድ ልጅ ወረቀት ያመላልሳል፤ በሰዓት እየለካ፣ 12 ደቂቃ ሳይሞላ አይሰጥም። እንግዲህ በመርካቶ ወግ ተከራከሩ! «ሰማንያ ውሰድ» ለማለትና «ሂድ ወዲያ!» ለመባል 24 ደቂቃ አለፈ። አንድ ጭነት የአትክልት ዘር ሳይሸጥ መሸ።

ያን ቀን ማታ ስለ ጥንቱ ዝም ያለ ንግድ ነገርኳቸው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ወደብ ወደነበረችው አዱሊስ የደረሰ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ጽፎታል። የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ወዳለበት ሀገር ይወርዱና የሚያርዱትን በሬ ሥጋ፣ ጨውና ብረት አስቀምጠው ገለል ይላሉ። የሀገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጦ ይመለሳል። ሻጩ ካልረካ ወርቁን አይነካውም፤ ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ።

በሁለተኛው ሳምንት የማርሷ ልጅ አንድ ወረቀት ብቻ ላከች። ዋጋው እስከዚህ ድረስ ከሆነ ግዛልኝ፣ ካለፈ ተወው፣ ዘሩ እርጥበት ካለው ይህን ያህል ቀንስ፣ ውሃው የሚከፈለው ሰነዱ ተሟልቶ ሲታይ ነው ይላል። አንብቤ ዝም አልኩ። ይህ ኤልሲ ነው። ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ለሻጩ እከፍላለሁ ብሎ ባንክ የሚሰጠው፣ እኔም ባንክ ለባንክ የምሯሯጥለት ወረቀት ማለት ነው። ማንም ሳያስተምራት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ፈጠረችው። (ሥርዓተ ነጥቡ ግን ከባንኮቹ ይሻላል።)

በመርከብ መዘግየት ደግሞ እኔን ላብ አጥምቀውኛል። ምድርና ማርስ ለጉዞ የሚመቹት በ26 ወር አንዴ ነው። በቅሎና ግመል ጭኖ ሀገር ለሀገር የሚዞረውን የሲራራ ነጋዴ ክረምት ላይ ተከዜና ዓባይ ሞልተው እንደሚያግዱት ማለት ነው። አንድ ጭነት ሰነድ ጎድሎት ቀኑ ቢያልፍበት፣ ኬላ ላይ 26 ወር ይቆያል። ዲመሬጁን፣ ማለትም የመዘግየቱን ክፍያ፣ አስላ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነው።

አሁን ችግራችን። ኬክ ቤቱ በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት መቀመጣችን አሰልችቶት ነበር፤ እሱን አልወቅስም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ግን ጠረጴዛውም ደረጃውም አብሮ ሄደ። አንድ የወጣቶች ማዕከል ጠየቅን። ኃላፊው ካርታውን ዘርግተው አዩና «ይሄ በየትኛው ዕቅዳችን ውስጥ ይገባል?» አሉን። ምን እንደሚመለስ አላወቅንም። አሁን እኔ ቢሮ እንሰበሰባለን። የማርስ ወኪል መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ትቀመጣለች። የከተማዋ ካርታ አስራ አራት ትልልቅ ወረቀት ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ሐምሌ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ዝናብ መታውና የምሥራቁ መጋዘን በሙሉ ቀለሙ ፈሰሰ።

ወደ እናንተ የመጣነው ለዚህ ነው። የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍል። ካርታው ሳይጠቀለል የሚቆይበት አንድ ግድግዳ። ከክፍሉ ውጭ፣ ራቅ ብሎ፣ ለማርስ አንድ ወንበር። ከተቻለ ደግሞ ስለ ሲራራ ንግድ፣ ስለ አዱሊስ፣ ስለ አሞሌና ስለ ድሮው የአራዳ ገበያ የተጻፉ መጻሕፍትን የሚጠቁመን አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ እንደነበረና ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ እንዳዛወረው ስነግራቸው፣ ግማሾቹ ኬላንም እንዲሁ የሚያዛውር ጠላት ይኑር ብለው ተነሱ። እኔ የማውቀው እዚያ ድረስ ነው። የቀረውን ከመጽሐፍ ማግኘት አለባቸው።

እኛ ደግሞ ክፍሉን ጠርገን እንወጣለን። የከተማዋን ሕግ፣ የዋጋ ዝርዝርና የጭነት መዝገብ በአማርኛ እየጻፉት ነው፤ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለመደርደሪያችሁ እንሰጣለን። የትኛው ክፍል ይግባ እንደምትሉ እንጃ። እኔ ንግድ እላለሁ፣ ልጁ ፊዚክስ ይላል።

መልሳችሁ አሉታዊም ቢሆን በጽሑፍ ይሁንልን። ፋይል እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የለገሃር ትራንዚተር

ግልባጭ፦
ለኬላ ከተማ ነጋድራስ
ለማርስ ወኪል (12 ደቂቃ ቆይቶ የሚደርስ)