ከጆሮሽ ጀርባ ያለው ቁስል

ዱባይ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሁት ብር መግባቱን አክስትሽን ጠይቂና ንገሪኝ።

አክስትሽ ፎቶሽን በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «ጉድሽን እዪ! ልጅሽ ወንድ መስላ መጣችልሽ» ይላል። አንቺ ደግሞ በስልክ «ፋሽን ነው እኮ እማ፣ ክፍላችን ውስጥ ግማሹ ሴት ተቆርጧል» አልሽኝ። ጥሩ። አጭር ፀጉር ያምርብሻል፣ አልዋሽሽም። አንገትሽ የአባትሽ ነው፣ መለሎ፤ ገና አሁን ታየ። ግን ፎቶውን በጣቴ ሳሰፋው ከግራ ጆሮሽ ጀርባ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ነገር አየሁ። ዳሩ ቡናማ ቅርፊት ይዟል። መሃሉ ቀልቶ ያብረቀርቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው የሰው ጭንቅላት ላይ ነው። መቀስ እንደዚያ አያቆስልም። ሪላክሰር ነው ያቃጠለሽ፣ ፀጉር የሚያለሰልሱበት ኬሚካል። የተቆረጥሽውም ፀጉርሽ ሲነካ በእጅ እየመጣ ስላስቸገረሽ ነው። ተሳሳትሁ?

ኬሚካሉን ሁለተኛ አትንኪ። ይህን ደብዳቤ እስክጨርስ ደጋግሜ እልሻለሁ፣ ይሰልችሽ።

ሠፈር ውስጥ ካለች ፀጉር ቤት ነው አሉ የሄድሽው። ልጅቷ ጓንት አድርጋ ነበር? ከመቀባቷ በፊት ግንባርሽንና ጆሮሽን ቫዝሊን አስነክታሻለች? ሰዓት ይዛለች? ሲለበልብሽ «ትንሽ ቻይ፣ ገና አልያዘም» አለችሽ አይደል? እኔ ያላየሁት ነገር የለም። ሲለበልብ እኮ የያዘው ቆዳሽን ነው።

እኛ ሙያውን ስንማር መጀመሪያ ያስተማሩን ካርቶኑን ማንበብ ነው። አንዱ ዓይነት ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት፣ ሳሙና የሚሠራበት፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት። ሌላው «ኖ ላይ» ይባላል፣ ኮስቲክ ሶዳ የለበትም ለማለት ነው። አንዳንዱ ካርቶን ላይ የምትስቅ ትንሽ ልጅ አለች፤ እናቶች እሷን አይተው «ይሄ እንኳ ለስላሳ ነው» ይላሉ። ውስጡ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ በኛ ቋንቋ ኖራ። የፋሲል ግንብ ድንጋዩ የተያያዘበት ኖራ! እሱ ነው ከሌላ ፈሳሽ ጋር ተበጥብጦ አናትሽ ላይ የሚወጣው። ሁለቱም ፀጉሩን የሚያቃኑት ውስጡ ያለውን ማያያዣ በጥሰው ነው። ቆዳና ፀጉር ለይተው አያውቁም። በዋዜማው ታጥበሽ ወይም አክከሽው ከነበረ ደግሞ የባሰ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት የሚሠሩ የጤና ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናትም አለ። ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን 11 ዓመት ገደማ ተከታትለዋል። ፀጉር ማለስለሻ አዘውትረው የሚጠቀሙት፣ ማለትም በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ፣ እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጨርሶ የማይጠቀሙት 1.6 ከመቶ ገደማ። መንስኤው ይኸው ነው ብለው አልደመደሙም። እኔ ግን ካነበብሁት ወዲህ ጓንት የምደርበው በምክንያት ነው። አንቺ ገና አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነው። ኬሚካሉን አትንኪ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ቁስሉን አታኪው። ቅርፊቱን አትላጪው። አያትሽ እማማ «ቅቤ ልቀባሽ» ካለች እጇን ስመሽ እምቢ በያት፤ ቁስል ላይ ቅቤ አይደረግም። ቀለምም አይታሰብም። ነገ ጠዋት ከአክስትሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ። መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰሽ ነገንም አትጠብቂ። ሐኪሙን እንደ እኔ «ፋሽን ነው» እንዳትዪው። የተቀባሽውን ንገሪው፤ ካርቶኑ ከተገኘ ይዘሽ ሂጂ።

«ከርዳዳ» ብለውሻል። አልነገርሽኝም፣ ግን አውቃለሁ፤ እኛንም ብለውናል። «ሉጫ» ሲሆን ምርቃት፣ «ከርዳዳ» ሲሆን ስድብ። በዘፈኑም የምትሞገሰው ዞማዋ ናት። ከርዳዳ ፀጉር ያላት ልጅ ዘፈን ሲወጣላት ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ የምሠራበት ቤት ብትመጪ ትስቂያለሽ። አምና ወገቧ ድረስ የሚወርድ ሂውማን ሄር ያልቀጠለች የሐበሻ ሙሽራ አልነበረችም። ዘንድሮ ቲክቶኩ «አጭር» አለ፣ ሁሉም ልቆረጥ ብሎ ተነሳ። ያ ረጅም ፀጉር ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ብዙው የህንድ ሴቶች ፀጉር ነው። ቲሩፓቲ የሚባል የህንድ ከተማ አጠገብ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ሴቱም ወንዱም ስለቱን ለማድረስ ይሄድና ተላጭቶ ፀጉሩን ለአምላኩ ይሰጣል። ቤተ መቅደሱ ደግሞ በጨረታ ይሸጠዋል። የአንዷ ስለት የሌላዋ ሰርግ ላይ እስክስታ ይመታል። ተላጭታ አገሯ የገባችውን ሴት ግን «ወንድ መሰልሽ» የሚላት የለም።

እንግዲህ ወደ እማማ ልምጣ። «ኋላ ቀር ናት፣ ሴት ልጅ ፀጉሯን አትቆረጥም ብላ ነው ያኮረፈችው» አልሽኝ። እዚህ ላይ ተሳስተሻል።

እማማ ደምቢያ ስታድግ ሳዱላ ነበረች። ሳዱላ ምን እንደሆነች ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። መሃል አናቷ በምላጭ ተላጭቶ ዙሪያው ብቻ ፀጉር የሚተውላት ልጃገረድ ናት። እናቷ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ በየጊዜው ትላጫት ነበር። ይደግ የተባለላት ስትዳር ነው። በእሷ ዘመን አናቷ የሞላ ሴት ባል ያላት ነበረች። «አናቴ ላይ ሲበቅል በዳሰስሁት ቁጥር አለቅስ ነበር። ከልጆቹ ጋር መጫወት ቀረ ማለት ነዋ» ትለኝ ነበር። ያኔ ካንቺ ታንስ ነበር። እና አክስትሽ «የሴት ልጅ ውበቷ ፀጉሯ ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ነው» ስትልሽ የየትኛዋ ቅድመ አያት እንደሆነ ጠይቂያት። የኛዎቹ ልጃቸውን በምላጭ ነበር የሚያሳምሯት።

እማማን ያስደነገጣት ሌላ ነው።

ከቡፌው በላይ ያለውን የወንድም ጋሼን ፎቶ ታውቂዋለሽ፣ በወታደር ልብስ ያለውን። ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ነው የሄደው። መርዶው በ1982 ዓ.ም. መጣ። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ እማማ «ማን ነው?» አላለችም። መዝጊያውን ከፍታ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። ከዚያ እዚያው ደፍ ላይ እንደ ቆመች ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር። ጣቶቿን ጉንጉኑ ውስጥ እየከተተች ስትበትነው እስከ ዛሬ ይታየኛል። ቅዳሜ ነበር የተሠራችው። ቤቱ የጩኸት ቤት ከመሆኑ በፊት ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ጎረቤት መቀስ ይዛ መጣች። እማማ ተላጨች። አክስትሽም ተላጨች፣ በዚያን ጊዜ ልክ አንቺን ታክል ነበር። አዎ፣ «ወንድ መሰለች» ያለችሽ አክስትሽ። ነጠላቸውን ጥቁር ነከሩት። እኔ ትንሽ ነበርሁ፤ የሆነውን ሁሉ መሆን ፈለግሁ። መቀሱን ከመሬት አንስቼ «እኔንም» ብዬ ሄድሁ። እማማ ከእጄ ነጠቀችኝና «ተዪኝ፣ በዚህ ቤት ፀጉር ያለው አንድ ሰው ይኑር» አለች። ከዚያ ወዲያ እኔን መሥራት ሥራዋ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሐዘን ላይ እያለች እንኳ፣ በጥቁር ሻሽ ታስራ እኔን ትጎነጉን ነበር። የራሷን እስከ ሙት ዓመቱ አላሳደገችም። ካሳደገችው በኋላም ሽበት ብቻ ሆኖ ወጣ። አንቺ ስትወለጂ እኮ «ፀጉር ይዛ መጣች» ብላ ነው እልል ያለችው።

አክስትሽ ያልነገረችሽን ልንገርሽ። በሩን ከፍተሽ ተቆርጠሽ ስትገቢ የእማማ የመጀመሪያ ቃል «ማን ሞተ?» ነበር። ማንን እንዳሰበች አንቺው ገምቺ። እኔ ያለሁት ባሕር ማዶ ነው፣ ስልኬም እሑድ ዕለት ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በዪ። ይቅርታ ማለት አይጠበቅብሽም። ጭንቅላትሽን ስጪያት፣ ትዳስሰው። ስለ ሳዱላነቷ ጠይቂያት፣ ያን ወሬ ትወደዋለች። ምሳዋንም አብረሽ ብዪ፣ ብቻዋን ከተተወች አትበላም።

አክስትሽን ደግሞ ለእኔ ተዪያት። ጎንደር ፒያሳ ሐውልታቸው የቆመውን አፄ ቴዎድሮስን ቀና ብላ ትያቸው፤ የማን ሹሩባ ነው የሚወርደው? በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ፀጉራቸውን ቆርጠው ወስደው፣ የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ጊዜም አርበኛው ጎፈሬውን አንጨፍርሮ ነው በረሃ ለበረሃ የዞረው። ወንዱ ሲያሳድግ ጀግና፣ ሴቷ ስትቆርጥ ወንድ። ተዉኝ እስቲ!

የንስሐ አባታችንም መጥተው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ያነቡልሽ ይሆናል፣ የሴት ረጅም ፀጉር ክብሯ ነው የሚለውን። ዝም ብለሽ ስሚ፣ መስቀሉን ሳሚ። በቆባቸው ሥር የተላጩ መነኮሳይት በየደብሩ አሉ፤ ይህን ግን እሳቸው ፊት እንዳትዪ፣ የኔ ልጅ መሆንሽ ይታወቃል።

እንግዲያው ርዝመቱ አያሳስበኝም። ብትፈልጊ ላጪው። ብትፈልጊ አሳድጊው፣ ሹሩባ ተሠሪው፣ ፍሪዝ አድርጊው። የራስሽ ራስ ነው። ኬሚካሉን ግን አትንኪ፤ ጓደኛሽ በነፃ ልቀባሽ ብትልም፣ ለሰርግ ነው ቢሉሽም፣ «ይሄኛው አዲስ ነው አያቃጥልም» ቢሉሽም። ሰምተሻል? ስለዚያ ልጅ ደግሞ ሰምቻለሁ። ስም አልጠራም። ሉጫ ፀጉር ነው የምወደው የሚል ወንድ ህንድ ይሂድ።

ጥምቀት ደርሷል፣ ይህም አሳስቦሻል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። እስከ ጥር 11 ሁለት ሴንቲ ቢጨምር ነው። ለሹሩባ አይበቃም። ቅጥያ ላስቀጥል እንዳትዪ፤ በቆሰለ ቆዳ ላይ ክብደት ሲንጠለጠልበት ሥሩን ይዞት ይመጣል። ሥሩ ከጠፋ ደግሞ አይበቅልም፣ እዚህ ግንባራቸው ወደ ኋላ የሸሸ ስንት ወጣቶች ይመጡብናል። የዘንድሮን ጥምቀት በአጭር ፀጉርሽ ውጪ። ጥልፉ ሰፋ ያለውን ቀሚስ ልበሺ፣ ነጠላሽን ጣል አድርጊ። ወደዚያ የምትመጣ ልጅ አለች፣ በእሷ እጅ ጉትቻ እልክልሻለሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ለአንገትሽ ይሄዳል። ቁስሉ ሳይድን እንዳታደርጊው።

ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ አምጪ» ብሏል አሉ። አክስትሽ ትሂድ፣ እማማን እንዳትወስጂ፤ ዳገቱን አትችለውም። አክስትሽ እንዳትጮህ አስጠንቅቄያታለሁ። ሪላክሰር እንዳቃጠለሽና ፀጉርሽ የተቆረጠው ለዚያ እንደሆነ ትንገረው፣ ከጤና ጣቢያ የሰጡሽን ወረቀት ታሳየው።

የሒሳብ ፈተናሽ መቼ እንደሆነ አሁንም አልነገርሽኝም። አምና 61 አምጥተሽ «አሪፍ ነው» ብለሽ አለፍሽኝ። ዛሬውኑ ቀኑን ጻፊልኝ።

እናትሽ