ስንቅ ብቻ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ 2013 እና 2014ቱ ጦርነት ሲወራ የሴቶቹ ነገር በስንቅ ይጀምርና በስንቅ ያልቃል። በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ቆሉ፣ መርቀው ሸኙ። እውነት ነው፣ እኔም ቆልቻለሁ። ግን እዚህ ወሎ እቤት የቀረችው ሴት የሠራችው ያን ብቻ አይደለምና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወልድያ ከነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩባቸው ጊዜያት መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። ወፍጮ ቤቱ ስለቆመ የአያቶቻችን የድንጋይ ወፍጮ ከየጓሮው ወጣ። መጁ እንዴት እንደሚያዝ ለወጣቶቹ ያሳዩአቸው አሮጊቶቹ ናቸው። እስላም ክርስቲያን ሳንል አንድ ቤት ተሰብስበን በየተራ ፈጨን፣ የተፈናቀለ ሲመጣም ከዚያችው አካፈልን፣ ስታለቅስ ያደረችውን "አብሽሪ" አልን።

ከሁሉ ከልቤ የማይወጣው ግን የጎረቤቴ ነው። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ በሬ ጠምዳ ማረስ ግን ነውር ነው። በ2014 ክረምት፣ ሰው ሳያያት፣ ጎህ ሳይቀድ በሬዎቿን ነድታ ማሳዋ ወረደች። የቀንበሩ ጠፍር አልታሰር ብሏት ስትታገል አንድ ሽማግሌ ደረሱባት። ይቆጡኛል ብላ ደነገጠች። እሳቸው ምንም ሳይሉ አጎንብሰው አሰሩላት፣ ጅራፉንም ከመሬት አንስተው ሰጧት። "ረጋ በይ ልጄ፣ በሬው ይለምድሻል" ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህችው ሴት ዘንድሮ ማዳበሪያ ልትመዘገብ ብትሄድ "ከወንድምሽ ጋር ነይ" ተባለች። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ለባልና ሚስት የሚሰጠው በሁለቱም ስም ነው፤ የእሷም ፎቶ ከባሏ ጎን ተለጥፏል። ታዲያ ወንድሟ ምን ሊያደርግ ይምጣ? እርዳታ ሲከፋፈል፣ ኮሚቴ ሲመረጥም ያው ነው፤ ወንዱ ይመክራል፣ ሴቷ ቡና ታፈላለች። "ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚለውን ተረት ጥይት ሲጮህ ማንም አላነሳውም ነበር።

በ1888 ለዐድዋ የዘመተው የሸዋ ጦር እንዲከት የታዘዘው እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነው። እህሉን ፈጭተው፣ ገንቦውን አዝለው ከዘማቹ ጋር ከወረዱት ሴቶች ከእቴጌ ጣይቱ ሌላ የስንቷን ስም እናውቃለን? የእነዚያ አመለጠን። የእኛዎቹ ግን በሕይወት አሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመዘግቡ ሰዎች ደብተር ያላትን ሴት በራሷ ስም ይመዝግቧት። እናንተም ጋዜጠኛ ላኩና የሆነውን ከሴቶቹ አፍ ጻፉት። ጎረቤቴን ጠይቄያታለሁ፣ እናገራለሁ ብላለች። ብቻ ከሰኔ በፊት ኑ፤ ከዚያ ወዲያ ቀን ቤት አትገኝም፣ እርሻ ላይ ናት።

አንባቢያችሁ
ከኩታበር፣ ደቡብ ወሎ