ሆዳችሁ ሲነፋ ሥጋውን አትክሰሱ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የአንጀት ቁጣ ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸውና ዝቅተኛ ፎድማፕ የሆነ አመጋገብ እንዲከተሉ የተመከሩ ሰዎች ሳንድዊች ሲያዝዙ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስወጡት ሥጋውን ነው። በምትኩ እንቁላል ያስገቡና ዳጣ አስቀብተው፣ ከላይ ጥሬ ሽንኩርት አስከትፈው ይበላሉ። ማታ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋል። ከዚያም “እንቁላልም አልተስማማኝም” ብለው የሚበሉትን ምግብ ከቀን ወደ ቀን ያጠብባሉ። ይህ እንዳይቀጥል ነው የምጽፈው።

ፎድማፕ የሚባሉት በትንሹ አንጀት በቅጡ የማይመጠጡ ስኳሮች ናቸው። በመንገዳቸው ውኃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ይህን አመጋገብ የቀመሩት በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል እነዚህ ስኳሮች የሏቸውም። የበሬም ይሁን የፍየል ወይም የግመል ሥጋ፣ በጨውና በዘይት ብቻ ከበሰለ ፎድማፕ የበዛበት ምግብ ሁሉ በሚተውበት በመጀመሪያው ጥብቅ ወቅት እንኳን ይበላል።

ችግሩ የሚመጣው በተቀነባበረ ሥጋ ላይ ነው። ሞርታዴላ፣ ሳላሚና ቋሊማ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ብዙ ጊዜ ይገባል፤ በአንዳንዱም የስንዴ ዱቄት፣ የወተት ዱቄት ወይም ማር አለ። የእሽጉን ጀርባ ስታነቡ “ጋርሊክ ፓውደር” ወይም “ኦኒየን ፓውደር” ካያችሁ መልሱት። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መጻፉ አያጽናናችሁ፤ ዱቄቱ ውኃው የተመጠጠለት ስለሆነ ጥቂቱም ይበቃል። “ስፓይስ” ወይም “ፍሌቨሪንግ” ብቻ ተብሎ ከተተወም ነጭ ሽንኩርት ሊኖርበት እንደሚችል ቁጠሩት። “ዴክስትሮዝ” የሚለው ግን አያስደንግጣችሁ። ግሉኮስ ነው፤ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ ያልቃል። ኢ 250 የተባለው ናይትራይትም ፎድማፕ አይደለም። ሶርቢቶልና ማኒቶል፣ ማለትም ኢ 420 እና ኢ 421፣ ከታከሉበት ግን ተዉት። በመደብሩ ውስጥ ሞርታዴላውና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ሳላሚ በአንድ ማሽን መቆረጣቸው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ይህ የመጠን ጉዳይ ነው እንጂ እንደ አለርጂ ቅንጣት አይቆጠርበትም። ሲሊያክ፣ ማለትም የስንዴ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የሚሻለው በቤት መጥበስ ነው። አንድ ኪሎ ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ ውሰዱ፤ 15 ግራም ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማና የጥብስ ቅጠል እሹበት፤ ሌሊቱን በፍሪጅ ይደር። በከባድ ድስት በዘይት ዙሪያውን ካጠቆራችሁት በኋላ ጥቂት ውኃ ጨምራችሁ በዝግታ እሳት አብስሉት። የግመል ሥጋ ከበሬው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ትኩስ እያለ ከቆረጣችሁት ይፈረፈራል፤ በደንብ ቀዝቅዞ ከጸና በኋላ ከጭረቱ በተቃራኒ በስሱ ቁረጡት። በድሬዳዋ ሙቀት ከምድጃ ከወጣ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት፤ በፍሪጅም ከ3 እስከ 4 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ጣሉት።

ነጭ ሽንኩርት ሳይኖር ምን ጣዕም አለው ለሚል መፍትሔ አለ። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የተባለ ፎድማፕ በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ያልተከተፈ ፍሬ በዘይት ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ አሙቃችሁ፣ ፍሬውን አንድም ሳታስቀሩ አውጥታችሁ፣ መዓዛ ያለውን ዘይት መጠቀም ትችላላችሁ። ዘይቱን በፍሪጅ አስቀምጡና በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት፤ ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። በወጥ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ለማዳን ሽንኩርቱን ከወጡ በማንኪያ እየለቀሙ ያወጣሉ፤ ነገር ግን ፍሩክታኑ አስቀድሞ ወደ መረቁ ሟምቷል። በሳንድዊች ላይ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ክፍል ብቻ ቢከተፍ ጥሩ ነው፤ ነጩ ጫፍ ይቅር።

አዋዜና በርበሬ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አላቸው። ሚጥሚጣ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ሆኖም የሚያዘጋጀውን ሰው መጠየቅ ነው። ሰላጣ፣ ኪያርና ካሮት በነፃነት ይገቡ፤ ቲማቲም ሁለት ሦስት ቁራጭ ይበቃል። አቮካዶ እንደ ቅቤ ስስ አድርጎ መቀባት እንጂ ግማሹን መደልደል አይሆንም፤ አይብም የሚበላው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ልክ ነው። ጠንካራ ቺዝ ላክቶሱ በጣም ጥቂት ስለሆነ ችግር የለበትም። የታሸገ ቱና ስትገዙ በዘይት ወይም በውኃና በጨው ብቻ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአትክልት መረቅ የታሸገ ቱናም አለ፣ በዚያ መረቅ ውስጥ ሽንኩርት ሊኖር ይችላል።

ዳቦው ነው አስቸጋሪው። የፊኖ ዳቦ ፍሩክታን አለው። አንድ ስስ ቁራጭ ብዙዎች ይችሉታል፤ ሙሉ ዳቦ ለሁለት ተከፍሎ ሲሞላ ግን መጠኑ ያልፋል። የተሻለው በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ መጠቀም ነው። ሐረርጌ ማሽላ የሚያበቅል አገር ሆኖ ሳለ በሳንድዊች ቤቶች የማሽላ ቂጣ አለመቅረቡ ያሳዝነኛል። እንጀራም ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር መቀላቀሉን ጠይቁ።

በጾም ቀን ሽሮና ፉል በያዙት ጋላክታን የተባለ ፎድማፕ ምክንያት ያስቸግራሉ። የባቢሌ ለውዝ ተፈጭቶ ያለ ማር በአንድ የሾርባ ማንኪያ ልክ ከተቀባ ጥሩ ምትክ ነው። ከሳንድዊቹ ጎን ማንጎና አቮካዶ የተደራረበበት ስፕሪስ ካዘዛችሁ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይሁን። ሻይ በወተት የምትወዱም፣ የግመል ወተት ላክቶስ እንዳለው አትዘንጉ።

ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ጃርድያና አሜባ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ የሲሊያክ ምርመራም ስንዴ ከመተው በፊት ነው የሚደረገው፣ ከተዉ በኋላ ውጤቱ ይሳሳታል። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ምግብ ሳትቀይሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ጥብቁ ወቅት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ነው። ከዚያ አንድ አንድ ዓይነት ምግብ፣ መጠኑን በሦስት ቀን ውስጥ እየጨመሩ፣ መልሶ መሞከር ያስፈልጋል። ስንዴን ከነጭ ሽንኩርት ለይታችሁ ሞክሩ፤ ሁለቱም ፍሩክታን ቢኖራቸውም አንዱ ተስማምቶ ሌላው የማይስማማው ሰው ብዙ ነው።

የከዚራና የመጋላ ሳንድዊች ቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ቢያንስ አንድ ጥብስ ያለ ነጭ ሽንኩርትና ያለ አዋዜ ለብቻው አብስላችሁ አስቀምጡ፤ በዋጋ ዝርዝራችሁም ላይ ጻፉት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ